በባዝ ከተማ የከሰዓት ሻይ፦ ከቀጠሮ እስከ ሒሳብ

አክስቴ ከአዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት መጥተው ለንደን ሲሰለቻቸው ባዝ ይዣቸው ሄድኩ። ሰበቡ ሻይ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ አዳራሽ፣ ፒያኖ እየተሰማ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሰሃን ፊት ተቀምጦ የሚጠጣ ሻይ። ግን ልክ ላውራ፤ ባዝን የመረጥኩት ለሌላ ነገር ነው። ከተማዋ ጃንሆይ በስደት የኖሩባት ናት፤ በዚያ ላይ ፍልውሃ አላት። ፍልውሃና ጃንሆይ ባሉበት አገር የፒያሳ ሰው እንግዳ አይሆንም ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ «እንዴት ነው የሚኬደው? ምን ይለበሳል? ሰው አያሳቅቅም ወይ?» የሚሉኝ ስለበዙ እንዲህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቀጠሮ ያዙ፤ ሰዓቱን ግን በሁለቱም አቆጣጠር ተናገሩ

ቤቱ «ፓምፕ ሩም» ይባላል። ከጥንቱ የሮማውያን መታጠቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ዝም ብሎ ሄዶ ቦታ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በኢንተርኔት ያዙ። በሥራ ቀን መሄድ ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አዳራሹም ጸጥ ይላል፣ አስተናጋጆቹም ፋታ ያገኛሉ።

ስትይዙ ሦስት የሚመሳሰሉ ስሞች ያጋጥሟችኋል። «አፍተርኑን ቲ» ሙሉው ነው፤ ሳንድዊች፣ ስኮን የሚባለው ትንሽ ክብ ዳቦና ኬክ ከነሻዩ። «ክሪም ቲ» ስኮን፣ ማርመላታ፣ ክሬምና ሻይ ብቻ ነው። ምሳ በልታችሁ ከሆነ ወይም ኪስ ከሳሳ እሱ ይበቃል፤ አዳራሹ እንደሆነ ያው ነው። «ሃይ ቲ» ስሙ ከፍ ያለ ስለሚመስል ሰው ያሳስታል። እሱ በድሮው አነጋገር ሠራተኛው ቤተሰብ ማታ ከሥራ ሲገባ የሚበላው እራት ነው፤ ሥጋም እንቁላልም ያለበት። ቱሪስት የሚበዛባቸው ሆቴሎች ስሙን ቀላቅለው ይጠሩታል። እናንተ ምን ምን እንደሚቀርብ ዝርዝሩን አንብቡ እንጂ ስሙን አትመኑ።

ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ስትይዙ እዩት። በደፈናው እንዲህ ላለ ቤት ለአንድ ሰው ከ30 እስከ 50 ፓውንድ አስባችሁ ተነሱ። ሻምፓኝ ያለበትን ሲያሳዩአችሁ ዋጋው ይዘላል። ለሻይ ከሄዳችሁ ሻይ ጠጡ።

አሁን ስለ ሰዓቱ። እኔ የያዝኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በእነሱ «ስሪ»። ለአክስቴ የነገርኳቸው ግን ለንደን የለመደው አፌ እንዳመጣለት «ሦስት ሰዓት» ብዬ ነው። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው ሳሎን ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ እንዳይረፍድብን» አሉኝ። ከአገር ቤት እንግዳ ካላችሁ «ከምሳ በኋላ» ብላችሁ ጨምሩ።

2. ጾምና የማትበሉትን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩ

ብዙ ሐበሻ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የኪያር ሳንድዊች ሲባል ጾም ይመስላል። አይደለም፤ ዳቦው ቅቤ ወይም የክሬም አይብ ተቀብቷል። ስኮኑ ውስጥ ቅቤና ወተት አለ። ክሬሙማ ክሬም ነው። ስለዚህ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በአጽዋማት የምትሄዱ ከሆነ ስትይዙ «ቪጋን» በሉ። ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቃሏ ሁሉን ትጨርሳለች። ቪጋን ማርም ስለማይበላ እንዲያውም ከእኛ ጾም ይጠብቃል። ፍልሰታ የሚውለው ነሐሴ ላይ፣ ማለትም ቱሪስቱ በሚበዛበት ወቅት ስለሆነ፣ ለበጋ ዕረፍት የምትመጡ ይህን አትርሱ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ፤ እንግሊዞች ሳያውቁት የሻይ ሰዓታቸውን ለእናንተ አመቻችተውታል።

ሙስሊም አንባቢዎች ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የካም ሳንድዊቹን በእንቁላል ወይም በሳልመን ይቀይሩልኝ በሉ። ሁለተኛ፣ ከላይኛው ሰሃን ያሉት ትንንሽ ኬኮች ጄላቲን ወይም አልኮል አለባቸው ወይ በሉ። ሁለቱም በየቀኑ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ ማንም አይገረምም። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሲጠየቁ ነው ኩሽናው የሚቸገረው።

እኛ ሐሙስ ቀን መረጥን። ለምን እንደጠቀመን መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

3. መንገዱ

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ «ባዝ ስፓ» ድረስ ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ከገዛችሁ ዋጋው በጣም ይለያያል፤ በዕለቱ መግዛት ኪስ ያቃጥላል። ከቪክቶሪያ የሚነሳው አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ግን ቀኑን ይበላዋል። ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ብትሄዱ ትልቁ የባዝ ቤተ ክርስቲያን፣ «ባዝ አቢ»፣ ፊታችሁ ይቆማል። ፓምፕ ሩም እዚያው አደባባይ ላይ ነው።

ልብስ? ንጹሕ ይሁን፤ ይበቃል። ክራባት የሚጠይቁት ለንደን ያሉ አንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው። አክስቴ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ ከአዳራሹ ሁሉ የሚያምሩት እሳቸው ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም።

4. ከሻዩ በፊት ውሃውን እዩ

ቀጠሯችሁ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ረፋዱ ላይ ግቡና የሮማውያኑን መታጠቢያ ጎብኙ። ሁለት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። የሻዩ ወንበር የሚጣፍጠው እግር ሲደክም ነው። ደግሞ ውሃውን ያላየ ሰው አዳራሹ ለምን እንደተሠራ አይገባውም።

ምንጩ በ46 ዲግሪ ሙቀት ይፈልቃል፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ። ሮማውያን መጥተው ቤተ መቅደስና ገንዳ ሠሩበት። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሐኪሞች «ጠጡት» ማለት ጀመሩ። ሪህ ያለበት፣ ሆዱን የሚያመው፣ ገንዘብ ተርፎት ሥራ የሌለው ሁሉ ባዝ ወረደ። ፓምፕ ሩም ማለት እንግዲህ ያ ውሃ እየተሳበ የሚጠጣበት ክፍል ማለት ነው። የአሁኑን ሕንፃ ቶማስ ባልድዊን በ1789 ጀመረው፤ ጆን ፓልመር ጨረሰው። ይሄን ለአክስቴ ሳስረዳ ብዙም አልደነቃቸውም። «እቴጌ ጣይቱስ ከእንጦጦ ያወረዳቸው ፍልውሃ አይደል?» አሉ። ትክክል ናቸው። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ሰበብ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ቀና በሉ። ከአምዶቹ በላይ በግሪክኛ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ «አሪስቶን ሜን ሂዶር» ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ውሃ ነው ማለት ነው፤ ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ፒንዳር የተናገረው ነው። የሻይ ቤት በር ላይ ውሃን ማወደስ ትንሽ ያስቃል።

ገንዳው ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ውሃ አትንኩት፤ አትጠጡትም። የሚጠጣው ተጣርቶ አዳራሹ ውስጥ ካለው ፏፏቴ የሚቀዳው ነው። አንድ ብርጭቆ ቅመሱ። ለብ ያለ ነው፤ 43 ዓይነት ማዕድን አለው ይላሉ፤ ጣዕሙ ብረት ብረት ይላል። ጋዙ የወጣ አምቦ ውሃ ፀሐይ ላይ ውሎ ስትጠጡት አስቡት። አክስቴ መጀመሪያ አማተቡ። ከዚያ ጭልጥ አድርገው ጠጡና «ይሄማ ጠበል ነው፤ በስኳር አይደለም የሚጠጣ» ብለው ብርጭቆውን መለሱ።

5. አዳራሹ ውስጥ

ስማችሁን ተናግራችሁ በሩ ላይ ጠብቁ፤ ወንበር ራሳችሁ አትምረጡ። ሲያስቀምጧችሁ ግን ወደ ሙዚቃው ጠጋ ማለት ወይም ራቅ ማለት እንደምትፈልጉ መናገር ትችላላችሁ። ለማውራት የሄደ ሰው ራቅ ይበል።

ሻዩ እስኪመጣ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ ረጅም የቁም ሰዓት ነው። ሰዓት ሠሪው ቶማስ ቶምፒየን በ1709 ለከተማው የሰጠው ስጦታ ነው፤ ልብ በሉ፣ ከአዳራሹ ይልቅ እሱ በዕድሜ ይበልጣል። ሌላው የሪቻርድ ናሽ ሐውልት ነው። ይህ ሰው በዘመኑ የባዝ አጋፋሪ ነበር። ማን ከማን ጋር ይጨፍር፣ ምን ይለበስ የሚለውን ደንብ ያወጣ እሱ ነው። ሰይፍ ታጥቆ መግባትን ከልክሏል፤ ቦት ጫማ አድርጎ ዳንስ ቤት መምጣትንም እንዲሁ። አሁን እሱ ቆሞ እያየ በስኒከር ሻይ ይጠጣል።

6. ሻዩን ምረጡ፤ ከዚያ ጊዜ ስጡት

የሻይ ዝርዝር ሲመጣ አትደንግጡ። በእኛ ምላስ እንዲህ ነው። አሳም ጠንካራ ነው፤ ወተት ይችላል፤ ቤት ውስጥ ሻይ በወተት የለመደ ሰው እሱን ይዘዝ። ዳርጂሊንግ ቀላል ነው፤ ያለ ወተት ይሻላል። ኤርል ግሬይ ቤርጋሞት በሚባል የሎሚ ዘመድ ዘይት የሸተተ ነው፤ የእኛን ቀረፋና ቅርንፉድ የሚናፍቅ ሰው ከዚህ ጋር ይግባባል። ላፕሳንግ ሱሾንግ የሚባለው ደግሞ በጭስ የደረቀ የቻይና ሻይ ነው። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ የሚወድ ሰው ይሞክረው። ሌላው ይለፈው።

ሻዩ በበራድ ይመጣል። ወዲያው አትቅዱ፤ ሦስት አራት ደቂቃ ይቆይ። ቅጠሉ ከረጢት ውስጥ ካልሆነ ትንሽ ማጥለያ አብሮ ይመጣል፤ ስኒው ላይ አድርጋችሁ በእሱ ላይ ቅዱ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ፣ ሌላ ቤት ነው፣ ማጥለያውን ጌጥ መስሎኝ ትቼው ከሰዓቱን ሙሉ ጥርሴ ላይ ቅጠል ለጥፌ ሳወራ ዋልኩ። አብሮኝ ያለው ጓደኛዬ የነገረኝ ባቡር ውስጥ ነው።

ወተት ይቅደም ወይስ ሻይ? እንግሊዞች ይሄን ሲከራከሩ ኖረዋል። ሻዩን አስቀድሙ፤ ጥቁረቱን አይታችሁ ወተቱን ትመጥናላችሁ። ስኳርን በተመለከተ፣ ሦስት ማንኪያ የምትወዱ ሦስት ጨምሩ። ብቻ ስታማስሉ ስኒውን አታንቃጭሉት፤ ማንኪያውን ማስቀመጫው ላይ አሳርፉ። ትንሿን ጣት ቀስሮ መጠጣት የፊልም ነገር ነው፤ እዚያ የሚያደርገው የለም።

አንድ በራድ ሲያልቅ ሙቅ ውሃ እንዲጨምሩላችሁ ጠይቁ። አዲስ ሻይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጡ ቤቶች አሉ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። እኛም ቤት አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ አይወደድም፤ ቶናና በረካ አለ። እዚህም እንዲሁ አስቡት።

7. ባለ ሦስት ፎቁ ሰሃን

ከታች ወደ ላይ ነው የሚበላው። ታች ሳንድዊች፣ መሃል ስኮን፣ ላይ ኬክ። አንዳንድ ቤት አደራደሩ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፤ ጨው ያለው ይቀድማል፣ ጣፋጩ ይከተላል። ስኮኑ ትኩስ ከመጣ ግን ሕጉን ጣሱት። የቀዘቀዘ ስኮን ደረቅ ድፎ ዳቦ ነው።

ሳንድዊቾቹ ጣት ያክላሉ፤ ጠርዛቸው ተቆርጧል። አክስቴ አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩትና «የዳቦው ቅርፊት የት ሄደ?» አሉ። በእጅ ነው የሚበላው፤ ሹካ አትፈልጉ።

ስኮኑን በቢላ አትቁረጡት። በሁለት እጅ ይዛችሁ ወገቡ ላይ ጠምዘዝ ብታደርጉት ለሁለት ይከፈላል። ፊቱ ሻካራ ስለሚሆን የምትቀቡትን ይይዛል። ሁለቱን ግማሽ መልሳችሁ እንደ ሳንድዊች አትግጠሙት፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይቀባል፣ ለየብቻው ይበላል።

ከእሱ ጋር የእንጆሪ ማርመላታና «ክሎትድ ክሬም» ይመጣል። ይህ ክሬም ለብቻው ሊወራለት ይገባል። የወተት ክሬም ለሰዓታት በዝግታ ተሙቆ ሲቀዘቅዝ ከላዩ ወርቃማ ቆዳ ያወጣል። ከግማሽ በላይ ስብ ነው። በክሬምና በለጋ ቅቤ መሃል ያለ ነገር ነው፤ ማንኪያ ቢተክሉበት ይቆማል። ቆዳውን ጥላችሁ ከሥሩ እንዳታወጡ፤ ጣዕሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው።

አሁን ጠቡ ይመጣል። የዴቨን ሰዎች ክሬሙን አስቀድመው ማርመላታውን ከላይ ያደርጋሉ። የኮርንዎል ሰዎች ማርመላታው ይቀድማል ይላሉ። የሚቀልዱ ይመስላሉ፤ ግን ከምራቸው ነው። ባዝ ከሁለቱም ስላልሆነች እዚያ ማንም አይፈርድባችሁም። እኔ ማርመላታውን አስቀድማለሁ፤ ክሬሙ ትኩስ ስኮን ላይ ሲያርፍ ይቀልጥና ይፈስሳል። አክስቴ ሁለቱን ሰሃን ላይ ለውሰው፣ ስኮኑን ቆርሰው እያጠቀሱ በሉ። ከዚያም አንዱን በደንብ ጠቅሰው አጎረሱኝ። አጠገባችን ያሉ ሁለት አሮጊት እንግሊዛውያን ፈገግ አሉ። ክርክሩን በጉርሻ የፈታ ሰው ከዚያ በፊት አላዩም መሰለኝ።

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ልማድ ከየት መጣ? የቤድፎርድ ዱቼስ አና በ1840 ገደማ ጀመሩት ይባላል። በዚያ ዘመን የመኳንንቱ እራት መሽቶ ስለሚቀርብ ከሰዓት ሆዳቸው ሲንጫጫ ሻይና ዳቦ አስመጡ፤ ጓደኞቻቸውን ጠሩ፤ ልማድ ሆነ። መክሰስ ነው በአጭሩ።

8. የተረፈውንና ሒሳቡን

ኬኩ ጋ ስትደርሱ ትጠግባላችሁ። ይሄ የታወቀ ነው። ካርቶን ጠይቁ፤ ለዚሁ የተዘጋጀ አላቸው። ያፈራችሁ እንደሆነ 40 ፓውንድ እንደከፈላችሁ አስታውሱ።

ሒሳቡ ሲመጣ የታችኛውን መስመር አንብቡ። ብዙ ቤቶች 12.5 በመቶ የመስተንግዶ ክፍያ ራሳቸው ይጨምራሉ። እሱ ካለ ሌላ ቲፕ መጨመር አይጠበቅባችሁም። ግዴታ ስላልሆነም አገልግሎቱ ካላስደሰታችሁ ይነሳልኝ ማለት ትችላላችሁ። ከሌለ አሥር በመቶ ገደማ ተዉ።

9. ከሻዩ በኋላ፦ ፌርፊልድ ሃውስ

ጃንሆይ በ1936 ወደ እንግሊዝ ሲሰደዱ ይህን ቤት ገዙ፤ እስከ 1940 ኖሩበት። ልዕልት ፀሐይ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፣ ነርስነት የተማሩት በዚያው ዘመን ነው። በ1958 ጃንሆይ ቤቱን ለባዝ ከተማ ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ሰጡት። ከመሃል ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል። በአውቶቡስ ሂዱ፤ ክሎትድ ክሬም ከበላችሁ በኋላ የእግር መንገድ አይመከርም።

ለጉብኝት የሚከፈተው በተወሰኑ ጊዜያት ነው። ከሻዩ ቀጠሮ በፊት ይሄንን አጣሩ፤ የሁለቱን ቀን አንድ አድርጉ። እኔ አላጣራሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ መሽቶ፣ ከውጭ ቆመን ግንቡንና ዛፎቹን ከማየት ሌላ ምንም አልቀረልንም።

አክስቴ አልተቆጡም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቤቱን አዩ። «በዚህ ብርድ አራት ዓመት» አሉ። ከዚያ ካርቶኑን ከቦርሳቸው አውጥተው ከፈቱት።

«እዚህ መንገድ ላይ?» አልኳቸው።

«ነገ ዓርብ ነው» አሉና ግማሹን ኬክ ሰጡኝ።